የአባቴ ጠረጴዛ ስርጉድ

ጠረጴዛውን መጀመሪያ የፈለግኩት ለኮምፒውተሬ ነበር። ከቤት ሆኜ የምሠራ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ፤ ሁለት ስክሪን፣ አንድ ላፕቶፕና ሁልጊዜ የማይነሳ የቡና ስኒ የሚችል ሰፊ ነገር ያስፈልገኝ ነበር። ገበያ ላይ ያሉት የችፑድ ጠረጴዛዎች ክርን ሲያርፍባቸው ይንቀጠቀጣሉ። በረንዳችን ላይ ደግሞ ግማሹን ብቻ በሚሸፍን ላስቲክ ተጠቅልሎ የአባቴ የሥጋ ቤት ጠረጴዛ ተቀምጧል።

አባዬ ካዛንችስ ሥጋ ቤት ነበረው። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ሲፈርስ ይዞ የወጣው ሚዛኑን፣ ቢላዎቹን፣ መንጠቆዎቹንና ይሄን ጠረጴዛ ነው። አጥንት የሚፈለጥበት ግንድ እዚያው ቀረ። ጠረጴዛውን ለአራት ተሸክመን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ አወጣነው፤ ቤት ውስጥ ቦታ ስላላገኘንለት በረንዳ ላይ ቀረ፤ አንድ ሙሉ ክረምት ዘነበበት።

የላዩ ገበታ አራት የዋንዛ ጣውላ ተጋጥሞ የተሠራ ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ60፣ ወርዱ 70 ሳንቲ፣ ውፍረቱ ወደ 6 ሳንቲ። መልኩ ጠቁሯል፤ ስቡ ጠልቆ ገብቶ ሲሞቅ ይሸታል። አባዬ ይቆምበት በነበረው በኩል ደግሞ ትልቅ ሰፌድ የሚያስቀምጥ ስርጉድ አለ። ቀጥ ያለ ብረት አጋድሜ ስለካው መሀሉ 13 ሚሊ ወርዷል።

ስርጉዱን ወደድኩት። ከሃያ ዓመት በላይ የአባቴ እጅ የቆፈረው ነገር ነው ብዬ አሰብኩ። ዕቅዴ ሌላውን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ፣ ስርጉዱን እንዳለ ትቼ፣ በላዩ እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ሬዚን ማፍሰስ ነበር። ኢንተርኔቱ ላይ የምታዩዋቸውን፣ መሀላቸው ወንዝ የሚመስሉ ጠረጴዛዎች አስቡ። ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ልኬያለሁ። ከፎቶው ሥር የጻፍኩትን አልነግራችሁም፤ አሁን ያሳፍረኛል።

ግን ቶሎ መጀመር አልቻልኩም። ገበታው ጠርዝና ጠርዙ ወደ ላይ ተነስቶ ገንዳ መስሏል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ወደ ጎን ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ወደ ርዝመቱ ግን ከቁጥር የሚገባ ለውጥ የለውም። በረንዳ ላይ ፀሐይዋ የላይኛውን ፊት ቶሎ ስታደርቀው የታችኛው ገና እርጥብ ነው። አንዱ ፊት ሲኮማተር ሌላው እምቢ ይላል፤ ጣውላው መታጠፍ ግዴታው ነው። በዚያ ሰዓት የሚልግ ሰው የሚያስተካክለው ዛሬን ብቻ ነው፤ ከወር በኋላ እንጨቱ ሲደርቅ በሌላ አቅጣጫ ይጣመማል። ስለዚህ ገበታውን ከእግሮቹ ፈትቼ ሳሎን አስገባሁት፤ አየር በሁለቱም በኩል እንዲያገኘው ከሥሩ ሦስት እንጨት አደረግኩና ሁለት ወር ጠበቅኩ። እናቴ በሁለት ወሩ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተደናቀፈችበት የምታውቀው እሷ ናት። መስከረም ላይ 9 ሚሊ የነበረው መታጠፍ ኅዳር ላይ 4 ሚሊ ሆነ።

የታችኛውን ፊት ለማየት የገለበጥኩት ያኔ ነው። በእርሳስ ተጽፎበታል። አንዱ ከአንዱ ሥር፣ በአባዬ የዱቤ መዝገብ ጽሑፍ፦ ሁዳዴ 92። ሁዳዴ 93። ሁዳዴ 94። እየቀጠለ ሁዳዴ 2010 ላይ ያበቃል። አሥራ ዘጠኝ መስመር።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ሶፋው ላይ ሆኖ ዜና እያየ ነበር። ዞር ብሎ አየው። «የላግኩበት ነዋ።»

ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ሃምሳ አምስቱን ቀን ማን ሥጋ ይገዛል? ግን ጠዋት ጠዋት ይወጣ ነበር። ልጅ ሆኜ የት እንደሚሄድ ስጠይቅ «ሱቁን አድሳለሁ» ይለኝ ነበር፤ ግድግዳ የሚቀባ ይመስለኝ ነበር። ሱቁ አካባቢ እንዳያየኝ ይፈልግ ስለነበር ሄጄ አላየሁም። ለካ በየዓመቱ ጠረጴዛውን በመላጊያ ልጎ ሜዳ ያደርገው ኖሯል። ሲሠራ ወደ 10 ሳንቲ ውፍረት ነበረው አለኝ። የጎደለው 4 ሳንቲ በየሁዳዴው የተላገ ነው።

ስለ ሬዚኑ የነገርኩትም ያን ቀን ነው። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ቴሌቪዥኑን ዘጋው።

«ፕላስቲክ ልታፈስበት? ይሄ እኮ ጉድለት ነው። ጠረጴዛ ከሰረጎደ ቢላው ሙሉውን አይነካም፤ ጅማቱ ሳይበጠስ ይቀራል። ውሃ ያቁራል፣ ደም ያቁራል። ደንበኛ ቢያየው እፍረት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ከ2010 በኋላ…» ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ።

ቀኝ ትከሻውን በግራ እጁ ያዘ። ሌላ ምንም አላለም፤ ማለትም አላስፈለገውም።

በ2011 ፋሲካ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ለበዓል ቤት መጥቼ ነበር። አባዬ በግራ እጁ ሲበላ አየሁት። እኛ ቤት በግራ መብላት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ምነው?» ስለው «ብርድ መትቶኝ ነው» አለኝ። እናቴም እያጎረሰችው ሳቀች። እኔም ስልኬን እያየሁ አመንኩት። ቢላ ለመያዝ ክንዱን ከክርኑ በታች ማንቀሳቀስ ይበቃዋል፤ መላጊያ ግን በትከሻ ነው የሚገፋው። ከዚያ ፋሲካ በኋላም በየወሩ ብር ይልክልኝ ነበር፤ ብሩ የሚመጣው ሳይላግ ከቀረው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ማታ ሒሳቡን ሠራሁት፤ ልማድ ሆኖብኝ። ከ2010 ፋሲካ እስከ 2017 መጀመሪያ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ። 13 ሚሊ ሲካፈል በዓመት 2 ሚሊ። አሥራ ዘጠኙን ሁዳዴ በ2 ሚሊ ሳባዛው ደግሞ 38 ሚሊ፤ አባዬ ጎደለ ያለው 4 ሳንቲ ማለት ነው። ሒሳቡ ልክ መጣ። ባይመጣ ደስ ይለኝ ነበር። ትዝታ ብዬ ሬዚን ላፈስበት የነበረው ስርጉድ የሃያ ዓመት ሥራው አይደለም፤ መሥራት ያቃተው ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው በምን ይላጋል የሚለው ብቻ ሆነ። ቅርባችን ያለ የእንጨት ሥራ ቤት በማሽን ያሳልፍልኝ እንደሆነ ጠየቅኩ። ባለሙያው የሥጋ ቤት ጠረጴዛ መሆኑን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ውስጡ ሚስማርና የአጥንት ስባሪ ካለ ምላጩን ይበላብኛል አለ፣ እውነቱን ነው። ሁለተኛው ሐሳቤ ራውተር ነበር (ዋይፋዩ አይደለም፣ እንጨት የሚቦረቡረው ማሽን)። በሐዲድ ላይ የሚሄድበትን ንድፍ በኮምፒውተር ሠርቼ ለአባዬ አሳየሁት። በትዕግሥት አየና «መላጊያው አልጋ ሥር አለ» አለኝ።

በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። አንዲት ዝገት የለችበትም።

ምላጩን መሳል ሦስት ቀን አስተማረኝ። በዚህ በኩል አባቴን የሚስተካከል የለም። ድንጋዩን አርጥቦ፣ ምላጩን በግራ እጁ ይዞ ማዕዘኑን አሳየኝ፤ ከዚያ ድምፁን አዳምጥ አለኝ። ማዕዘኑ ሲሳት ድምፁ ይሻክራል። በሦስተኛው ቀን ምላጩ የክንዴን ፀጉር ላጨ፤ እሱም «አሁን ይሆናል» አለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ የአልሙኒየም ቁራጮች በገበታው ሁለት ጫፍ ላይ ታጋድማለህ፤ ጎንበስ ብለህ ከአንዱ አናት በላይ ሌላውን ታያለህ። እኩል ካልተጋደሙ ጣውላው ተጠማዟል ማለት ነው፤ መጀመሪያ የሚላጉት ከፍ ያሉት ማዕዘኖች ናቸው። ከዚያ ገጹን በሙሉ በእርሳስ ትጭረዋለህ። በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ሳይሆን በአግድምና በሰያፍ ትልጋለህ፤ እንዲያ ካልሆነ መላጊያው ከሞገዱ ጋር ይወርዳል ይወጣል እንጂ አያስተካክልም። እርሳሱ የጠፋበት ቦታ ከፍታ ነበር፤ የቀረበት ዝቅ ያለ ነው። ሁሉም ሲጠፋ እንደገና ትጭራለህ።

ስርጉዱ ውስጥ ያለው እርሳስ ግን አይነካም። ሌላው በሙሉ ወደ እሱ መውረድ አለበት፤ 13 ሚሊ ከ1 ሜትር ከ60 በ70 ላይ ማለት ወደ 15 ሊትር የሚጠጋ እንጨት ነው፣ ሁሉም እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ተጠቅልሎ የሚወጣ። ከሥራ በኋላ ማታ ማታ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። በሁለተኛው ቀን ጥቁሩ ገጽ አልቆ የዋንዛው ቡናማ ወጣ። በአምስተኛው ትከሻዬ አልነሳ አለ፤ ሻወር ውስጥ ቆሜ አባዬ ይሄን በሃምሳ ዓመቱ ሲሠራው እያሰብኩ ነበር። እርሳሱ በየቀኑ ጠበበ፤ ሰፌድ፣ ሳህን፣ የስኒ ማስቀመጫ።

ስኒ ላይ ሲደርስ አቆምኩ። አንድ ሚሊ ቢቀር ማን ያያል? እውነቱን ለመናገር ግን የቆምኩት ደክሞኝ ብቻ አልነበረም።

አባዬ መጣና በመዳፉ ዳሰሰው። አላየውም፣ ዳሰሰው። ጣቱን በትክክል እሱ ላይ አሳርፎ «እዚህ ጋ ውሃ ይቆማል» አለ። ሄዶ ተቀመጠ።

ጨረስኩት።

የመጨረሻውን ገጽ በንጹሕ የተልባ ዘይትና በቀለጠ ሰም አሸሁት፤ ሁለቱንም ፊት፣ አለዚያ እርጥበቱ በአንድ በኩል ብቻ እየገባ መታጠፉ ይመለሳል። (የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጣችሁ አትጣሉ። ሲደርቅ ራሱን ያሞቃል፣ እሳት ሊፈጥር ይችላል። ዘርግታችሁ ስቀሉት።) አባዬ በዘይቱ አልተስማማም፤ ጨውና የፈላ ውሃ ይበቃል ባይ ነው።

ለገና ጎረቤቶቻችን ዘጠኝ ሆነው በሬ ገዙ። ቅርጫው ሲታሰብ ጠረጴዛችን መነሳቱ አልቀረም፤ ግቢ አወረድነው። አባዬ ዱካ ላይ ተቀምጦ «ከመገጣጠሚያው ግባ»፣ «አትጋዝ፣ ቁረጥ»፣ «ያ መደብ ሻኛ አልደረሰውም» እያለ አዘዘኝ። እሱ ይቆምበት በነበረው በኩል ቆሜ ነበር። ማታ ጠረጴዛውን በጨው ካሸነው በኋላ እርሳስ ይዤ ሥሩ ገባሁና በጀርባዬ ተኛሁ።

«አባዬ፣ ሁዳዴ አልነበረም እኮ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ምንም አትጻፍ» አለ ከላይ። «የካቲት ላይ ሁዳዴ ሲገባ ትደግመዋለህ፤ ያኔ ትጽፋለህ።»

ኮምፒውተሬ አሁንም ችፑድ ላይ ነው።