አባቴን የጣላቸው ምንጣፉ አይደለም

አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። አስም አለባቸው። ሐኪም ድሮ ለ5 ቀን ያዘዘላቸው ፕሬድኒሶሎን ስለተስማማቸው፣ ያለ ማዘዣ እየተገዛ ለዓመታት በየቀኑ ዋጡት። «ይቺ ፍሬ ባትኖር እስካሁን ተቀብሬ ነበር» ይሉ ነበር። ከፋርማሲ እየገዛሁ የማመጣላቸው ደግሞ እኔው ነኝ።

አንድ ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ምንጣፍ አደናቀፋቸውና ወደቁ። አወዳደቃቸው ቀላል ነበር፤ የዳሌ አጥንታቸው ግን ተሰበረ። ጎረቤቱ ሁሉ «እርጅና ነው» አለ።

ሐኪሙ ብልቃጡን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ መድኃኒት በየቀኑ ከ3 ወር በላይ ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል» አለኝ።

«የአጥንት መሳሳት የሴቶች በሽታ አይደለም እንዴ?»

«ወንዶችንም ይይዛል። እንዲያውም ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ በዓመቱ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከሴቶቹ ይልቅ የወንዶቹ ይበልጣል።»

ክው አልኩ! ብልቃጡን ልወረውር ስል ሐኪሙ ያዘኝ። ለካ በድንገት ማቋረጡም ሌላ አደጋ ነው፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ስለሚተው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። አሁን አባቴ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ታዞላቸዋል። በከዘራም ቢሆን ይራመዳሉ።

እናንተዬ፣ ዛሬውኑ የአባታችሁን ኮመዲኖ ክፈቱ። መድኃኒቱን ሁሉ በፌስታል ሰብስባችሁ ለሐኪም አሳዩ፤ የደም ግፊቱን፣ የፕሮስቴቱን፣ የእንቅልፉንም ጭምር። እነዚህ ደግሞ ሲነሱ አዙረው ሊጥሉ ይችላሉ። እኔ የጠየቅሁት ከተሰበሩ በኋላ ነው። እናንተ ቅደሙ!