ሳልመልሰው የቀረሁት ጥያቄ



በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2015 ነው፤ ከዐስር ሶላት በኋላ። የመድረሳችንን ጣሪያ ሊያሠሩልን ካሰቡ አንድ ሐጂ ጋር በር ላይ ቆመን ስለ ቆርቆሮ ዋጋ እናወራ ነበር። አንድ ደረሳዬ መጣና አጠገቤ ቆመ። አባቱ ገበያ ውስጥ ሸክም ተሸክሞ ቤተሰቡን የሚያሳድር ሰው ነው። ልጁ ራዲዮ ሰምቶ ኖሮ፣ «ኡስታዝ፣ እንግሊዝ አገር በዚህ ዓመት ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ተቀያየሩ። ሦስቱም አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማሩት አሉ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ የላቸውም እንዴ?» አለኝ። ፊቴን እንኳ ሳላዞር፣ «አሁን ሂድ፤ ትልቅ ሰው ሲያወራ አታቋርጥ» አልኩት። ሄደ።

መልሱን ለእርሱ ስላልሰጠሁት ለአንተ ልስጥህ።

ልጁ የሰማው እውነት ነው። በዚያ ዓመት የተፈራረቁት ቦሪስ ጆንሰን፣ ሊዝ ትረስና ሪሺ ሱናክ ሦስቱም የኦክስፎርድ ምሩቆች ናቸው። ነገሩ የእነርሱ ብቻ ቢሆን እንደ አጋጣሚ ባለፍነው ነበር። ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከ1945 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እስከ ኪር ስታርመር 2024 ድረስ እንግሊዝን በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሩት 18 ሰዎች ናቸው፤ ከእነዚህ 14ቱ ኦክስፎርድ የተማሩ ናቸው። ሦስቱ ጭራሹን ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ጎርደን ብራውን ብቻ ነው፤ እርሱም በኤዲንብራ። ስለዚህ ሌላ ዩኒቨርሲቲማ ሞልቷቸዋል፤ ወደ ሥልጣን የሚያወጣው በር ነው አንድ የሆነው።

ወደዚያ በር የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ ከልጅነት ይጀምራል። በእንግሊዝ አገር ወላጅ ከፍሎ የሚያስተምርባቸው የግል ትምህርት ቤቶች ከመቶ ልጅ ሰባቱን ያህል ብቻ ይይዛሉ። ከእነዚህ መካከል ኢተን የሚባለው አንዱ ብቻውን 20 ጠቅላይ ሚኒስትሮችን አውጥቷል። የኢተንን ታሪክ ሳነብ ግን ያስደነገጠኝ ይህ ቁጥር አልነበረም። ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ ትምህርት ቤቱን በ1440 (እ.ኤ.አ.) ሲያቋቁመው 70 ድሃ ልጆች በነፃ እንዲማሩበት ነበር። ዛሬ የዓመት ክፍያው ከ50,000 ፓውንድ በላይ ነው። በነፃ ወይም በቅናሽ የሚማሩ ልጆች አሁንም እንዳሉ አይካድም፤ ቤቱ ግን የባለጸጋ ቤት ሆኗል። እኛም ወቅፍ እናውቃለን፤ ለየቲምና ለሚስኪን ተብሎ የተሰጠ ንብረት በጊዜ ብዛት በማን እጅ እንደሚገባ ያየ ሙስሊም ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። አብረው ያደጉ ይተዋወቃሉ፣ ይሿሿማሉ፣ ይጋባሉ። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። ስለ ቤት ኪራይ ሕግ ለማውጣት በተሰበሰቡበት አዳራሽ ግን ኪራይ የጎደለበት፣ አከራይ በሩን ያንኳኳበት ሰው ከመካከላቸው ስንት ይገኛል?

እውነቱን ሳልሸፍን ልናገር። ማርጋሬት ታቸር የባለ ሱቅ ልጅ ነበረች፤ ኦክስፎርድ ገብታለች። ክሌመንት አትሊም የኦክስፎርድ ምሩቅ ነበር፤ ነገር ግን ሥልጣን ከመያዙ ከብዙ ዓመታት በፊት በምሥራቅ ለንደን የድሆች ሰፈር ገብቶ ኖሯል፣ ልጆቻቸውንም አገልግሏል። ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን የጤና ሚኒስትር አድርጎ የሾመው በ13 ዓመቱ ትምህርት ትቶ ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል ይቆፍር የነበረውን አነይረን ቤቫንን ነው። በ1948 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ ሁሉ ሳይከፍል የሚታከምበትን ሥርዓት ያቆመው ይኸው የማዕድን ቆፋሪ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያየና ያላየ ተቀምጠው ያወጡት ሥራ ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስልህ። እናቴ የወሎ ሰው ናት፤ በ1965ቱ ረሃብ ልጅ ነበረች። ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ተቀምጠው የሚያልፉትን መኪኖች ይቆጥሩ እንደነበር ነግራኛለች፤ የሚቆም ግን አልነበረም። በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፈረንሳይ የተማሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ። በየካቲት 1966 የተተኩት በካቢኔያቸው አባል በልጅ እንዳልካቸው መኮንን ነው። እርሳቸውም የኦክስፎርድ ተማሪ ነበሩ፤ አባታቸው ራስ ቢትወደድ መኮንንም ቀደም ሲል በዚያው ወንበር ተቀምጠዋል። ያ ሁሉ እውቀት የመንገድ ዳሯን ልጅ አላየም። ሁለቱንም በኅዳር 1967 ያለ ፍርድ የረሸናቸው ደርግስ? የዩኒቨርሲቲ ሰው አልነበረም፤ በ1977 ወሎ ዳግም ሲራብ ግን ዓመቱን የተቀበለው በአብዮት በዓል ድግስ ነበር። አለመማር ርኅራኄ አይሆንም፤ ይህን እኛ አንስተውም።

ወደ ደረሳዬ ልመለስ። ከሳምንት በኋላ በጁዝ ዐማ ትምህርታችን ሱረቱ ዐበሰ ላይ ደረስን። የወረደችበትን ምክንያት ታውቃለህ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቁረይሽ ታላላቆችን ወደ ኢስላም ሲጠሩ ዓይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብን ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ሊጠይቃቸው መጣ፤ ፊታቸውን ቋጠር አድርገው ዞር አሉ፤ አላህም (ሱ.ወ.) ወቀሳቸው። ያ ሰው በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመዲና ሲወጡ ከአንድ ጊዜ በላይ በቦታቸው የተውት ሰው ነው። ይህን ለልጆቹ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ!

ተራው የዚያ ልጅ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ሱራዋን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይሳሳት ቀራት። እኔ ከኪታቤ ቀና ማለት አቃተኝ። ሲወጡ ጠራሁትና፣ «ያን ጥያቄህን እስቲ ድገምልኝ» አልኩት።

«ረሳሁት ኡስታዝ» አለኝ።

ሐጂው ቃላቸውን ጠብቀው ጣሪያው ተሠራ፤ አላህ ይቀበላቸው። ልጁ መድረሳውን እስኪጨርስ ድረስ የሚቀመጠው ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ነበር። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።