ከሳሎን የሰማሁት ሳቅ

ባለፈው ክረምት ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ ልጇን ለእረፍት ላከችልኝ። 16 ዓመቱ ነው፤ ከእኔ ልጅ በአንድ ዓመት ይበልጣል። አንድ ቀን ከሰዓት ቡና እየቆላሁ ሳለ የሁለቱ ሳቅ ከሳሎን ተሰማኝ። ልጆች ሲስቁ ደስ ይላል አይደል? ምን አግኝተው ነው ብዬ ገባሁ። ላፕቶፑ ላይ የሚታየው እጅና እግሩ የቀጠነ የካርቱን ልጅ ነው። «ኢትዮጵያዊ ነው» አሉኝ።

ፊልሙ «ሳውዝ ፓርክ» ነበር፤ በኅዳር 1990 ዓ.ም. የታየ ክፍል። (ካርቱን ስለሆነ የልጆች ነው ብላችሁ እንዳትተዉት፤ ለአዋቂዎች የተሠራ ነው።) አሜሪካውያን ልጆች የእርዳታ ማስታወቂያ አይተው ገንዘብ ይልካሉ። ልባቸው ያለው ግን ለለጋሾች በሚሰጠው የእጅ ሰዓት ላይ ነው። በሰዓቱ ፋንታ በስህተት የተራበ ኢትዮጵያዊ ልጅ ይደርሳቸዋል። ስሙን ማወቅ ያማረው የለም። ከረሃብ ጋር ቤት የሚመታ የፈረንጅ ስም ያወጡለታል፤ ማርቪን።

አልደብቃችሁም፣ እኔም ሳቅሁ። በእውን እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ትሠራ በነበረች ተዋናይት አምሳል የተሳለች ሴት አለች። ለካሜራ ስታለቅስ የነበረችው ሴት ኢትዮጵያ ውስጥ የእርዳታውን ምግብ ደብቃ ስትበላ ትያዛለች። የ77ቱ ድርቅ ጊዜ ልጅ ነበርኩ። ካሜራ ይዘው ስለመጡት ሰዎች አዋቂዎች በሹክሹክታ ያወሩት የነበረው ትዝ አለኝና ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ከዚያ ማርቪን አፉን ከፈተ። የሚናገረው በምላሱ «ቋ፣ ቋ» እያደረገ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ እንደ ዙሉና ኾሳ ባሉ የደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ውስጥ አለ። እኛ ዘንድ ግን እናቶቻችን «ምጽ» ከሚሉት በቀር ሰምቼ አላውቅም። ሳቄ ቆመ። ደራሲዎቹ ማስታወቂያውን በደንብ ያውቁት ነበር፤ በየቤታቸው አይተውታል፤ ለዚያ ነው ያ ቀልድ ዛሬም የሚሠራው። ስለ ልጁ ግን አንድ ነገር እንኳ ለማወቅ አልደከሙም።

«አክስቴ፣ ሰባተኛ ክፍል እያለሁ እኔንም እንዲህ ይሉኝ ነበር» አለ የእህቴ ልጅ። በምሳ ሰዓት ነው የሚጠሩት። ይህን ሲነግረኝ ከሁላችንም በላይ ይስቅ ነበር። «ጆክ ነው እኮ!»

«ዘ ሲምፕሰንስ» ላይ ያለውን ህንዳዊ ባለሱቅ አፑን ታስታውሱ ይሆናል። አፑ በታሪኩ ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ እስከ ዶክትሬት የተማረ፣ ታታሪ ሰው ነው። የሕንድ ዝርያ ያላቸው ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ የተከተላቸው ግን ዶክትሬቱ ሳይሆን አነጋገሩ ነው። ድምፁን ይሰጥ የነበረው ሃንክ አዛርያ ደግሞ ነጭ አሜሪካዊ ነው። ኮሜዲያኑ ሃሪ ኮንዳቦሉ በፈረንጆቹ 2017 በዚሁ ጉዳይ ላይ ዘጋቢ ፊልም አወጣ። አዛርያ በ2020 አፑን ተወው፤ በዓመቱም በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ከሳቁበት በኋላ መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጆቹ ሳስረዳ በራሴ ሳልኮራ አልቀረሁም። ልጄ ግን ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ቆየና፣ «ማሚ፣ እሁድ ማታ የምታዪው ኮሜዲስ?» አለኝ።

ያወቃችሁት ይመስለኛል። አማርኛ አፉን ያልፈታበት ሰው ከገጠር ይመጣል፣ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ አድርጎ ይናገራል፣ እኛም እንስቃለን። «ያ ሌላ ነው» አልኩት። በምን ሌላ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ቡናው እያረረ ነው ብዬ ወጣሁ። እውነትም አርሮ ነበር።

ቤት የምታግዘኝ ልጅ ማድቤት ውስጥ ሲኒ ታጥባለች። አፏን የፈታችው በአማርኛ አይደለም። «አንተ» እና «አንቺ» እስካሁን ይምታቱባታል። እሁድ ማታ ከሶፋው ጀርባ ቆማ ኮሜዲውን አብራን ታያለች። ትስቃለችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ከሁላችንም በላይ።