ከታራች አሸዋ እስከ ጆንያው ጎመን

ባለፈው እሁድ እግራችንን ለማፍታታት ብለን ከካኩማ ካምፓችን ወደ ታራች ወረድን። ወንዝ ይባል እንጂ ዝናብ ካልጣለ አሸዋ ብቻ ነው። ታዲያ የቱርካና እናቶች አሸዋውን ቆፍረው ከሥሩ ውሃ ሲቀዱ አየን። ላዩ ደረቅ፣ ታቹ እርጥብ! ምስጢሩ የተገለጠልን ግን ስንመለስ፣ ከአንዲት የሰፈራችን እናት ደጅ ነው።

እኚህ እናት በጆንያ ጎመንና ሱኩማ ያበቅላሉ። «መጀመሪያ የወንዝ አሸዋ ብቻ ሞላሁበት፤ ጠዋት ያጠጣሁት ማታ የለም። ቀጥሎ የኩይሳ አፈር ብቻ አደረግሁ፤ ውሃው ላዩ ላይ ተኝቶ አልወርድ አለ፣ ሲደርቅም ተሰነጣጠቀ። ልጄ በቦኖ ሰልፍ የትምህርት ደወል እያመለጣት ያመጣችው ውሃ እኮ ነው! አንጀቴ አረረ» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሸዋ ቅንጣት ትልቅ ስለሆነ በመካከሉ ያለው ክፍተት ሰፊ ነው፤ ውሃው ሳይያዝ ያልፋል። የኩይሳ አፈር ሸክላማ ነው፤ ክፍተቱ ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፣ አየር ግን ይነሳል። ሥር ደግሞ እንደኛው መተንፈስ ይፈልጋል። ሁለቱን የሚያስታርቀው በደንብ የበሰበሰ የፍየል በጠጥ ነው፤ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል፣ ትርፉን ይለቃል። እሳቸውም አሁን ሦስቱን ቀላቅለዋል።

በጆንያው መሐል ከታች እስከ ላይ የጠጠር ምሰሶ አለ። ውሃ በዚያ ሲፈስ ታች ላሉት ችግኞችም ይደርሳል። «እናታችን፣ ከሥርስ ጠጠር ቢነጠፍ ውሃው ቶሎ አይወርድም?» አልናቸው። «ሞክሬዋለሁ ልጆቼ፣ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር ጨቀየ!» እውነት ነው። በቀጭን ክፍተት የተያዘ ውሃ አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ወደ ሰፊው ክፍተት አይዘልም። ከሥር ቀዳዳ ካለ ይበቃል።

የታራችም ምስጢር ይኸው ነው። የላይኛው አሸዋ ከደረቀ በኋላ ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ከታች ያለውን ውሃ ወደ ፀሐይ አይስብም፤ እንደ ክዳን ይሆንለታል። እኛም የጆንያችንን አፍ በደረቅ ሣር ብንሸፍን ውሃችን ይቆጠባል።

የቀላቀላችሁትን አፈር አርጥባችሁ በእጃችሁ ጨብጡት። ውሃ ካንጠባጠበ በዝቷል፤ ጭራሽ ካልተያያዘ አንሷል፤ ተያይዞ በጣት ሲነኩት ከተፈረፈረ ልክ ነው። በጣም የደረቀ አፈር መጀመሪያ ውሃ አልቀበልም ስለሚል ጥቂት አፍስሳችሁ ቆይታችሁ ጨምሩ።

ልጆቻችን ተሰልፈው ያመጡት ውሃ አሸዋ አይብላው። ቸር ይግጠመን!