የአክስቴ ነጠላ

ተውኔት የሚጽፍ ሰው ድርሰቱ መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት በስንት እጅ እንደሚያልፍ ያውቃል። አዘጋጁ፣ ተዋናዩ፣ የመብራቱ ባለሙያ፣ አልባሳት ሰፊው ሳይቀር የየድርሻቸውን ካልጨመሩበት፣ በወረቀት ላይ የሰፈረው ቃል ገና ተውኔት አልሆነም። ፎቶግራፍም እንደዚሁ መሆኑን ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አላወቅሁም ነበር። ካሜራውን ተጫንሁ፣ ምስሉ ተያዘ፣ ሥራውም አለቀ ብዬ አምን ነበር። ከዚህ ስሕተት ያወጣኝ፣ ያነሣኋቸውን ፎቶግራፎች በትልቅ መጠን አሳትሜ በኢንተርኔት ለመሸጥ የጀመርሁት ሙከራ ነው።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ፎቶ አንሺው ፋይሉን ለመሸጫው ይልካል፤ ገዢው መጠኑንና የወረቀቱን ዓይነት ይመርጣል፤ ማተሚያ ቤቱም ትእዛዝ ሲደርሰው ብቻ አትሞ ይልካል። እኔ አዲስ አበባ፣ ማተሚያ ቤቱ አሜሪካ፤ ሒሳቡን የሚከታተልልኝ ደግሞ በሜሪላንድ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ ነው። እንግዲህ ደራሲው ፈጽሞ የማይገኝበት ትርኢት ነውና፣ ስሕተቱ ሁሉ መታረም ያለበት ፋይሉ ከእጅ ሳይወጣ ነው።

ለናሙና ያሳተምሁት የመጀመሪያው ሥዕል በገና ዕለት በላሊበላ፣ ከቤተ ማርያም በላይ ባለው የዓለት አፋፍ ላይ፣ ካህናቱ «ቤዛ ኩሉ» ሲያዜሙ ያነሣሁት ነበር። የወንድሜ ልጅ ለዕረፍት ሲመጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ብንፈታው፣ በስክሪኔ ላይ ጧት የነበረው በወረቀቱ ላይ ማታ ሆኗል! ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ አልነበረም። ስክሪን የራሱን ብርሃን ይረጫል፤ ወረቀት ግን ያረፈበትን ብርሃን መልሶ ከመስጠት በቀር የራሱ የሆነ የለውም። እኔ የስክሪኔን ብርሃን እስከ ዳር ከፍቼ ስሠራ፣ ሥዕሉ ከልክ በላይ የደመቀ እየመሰለኝ አጨልሜው ኖሯል። ከዚህም ሌላ፣ ከካህናቱ በላይ በሰማዩ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ነበሩ። በትንሹ ሳየው ወፎች ይመስሉኝ ነበር፤ ለካስ በካሜራው ሴንሰር ላይ ያረፈ ትቢያ ነው። (ስለ ወፎቹ ግጥም ጀምሬ ነበር፤ ቀደድሁት።)

መጠን ደግሞ ሒሳብ ነው። የተዋስሁት ካሜራ 6,000 በ4,000 ፒክስል፣ ማለትም 24 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ሥዕል ያወጣል። ይህ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ቢታተም 51 በ34 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በ150 ቢታተም እጥፍ። ትልቅ ሥዕል ራቅ ተብሎ ስለሚታይ 150 ይበቃዋል ይላሉ፤ እኔም አይቼ አምኛለሁ።

አሜሪካዊው አንሴል አዳምስ፣ ፒያኖ ተምሮ ያደገ ሰው ነበርና፣ ኔጌቲቭን ከሙዚቃ ኖታ፣ ኅትመትን ከአጨዋወቱ ጋር ያመሳስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 በኒው ሜክሲኮ፣ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር ላይ ጨረቃ ወጥታ ያነሣትን ሥዕል፣ በኋለኞቹ ዓመታት ደጋግሞ ሲያትም ሰማዩን ከፊተኞቹ ኅትመቶች ይበልጥ አጥቁሮታል። ኔጌቲቩ ያው አንዱ ነው። ይህን ሳነብ፣ ሥዕልን ለኅትመት ማዘጋጀት ማጭበርበር ነው የሚለው ጥርጣሬዬ ረገበ። የት ላይ ማጭበርበር እንደሚሆን የተማርሁት ግን ከአክስቴ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ልጠይቃት ሄጄ፣ ከበሩ በሚገባው ብርሃን አጠገብ ተቀምጣ ስትፈትል አገኘኋት። ባዘቶው በግራ እጇ፣ እንዝርቱ ከጭኗ በታች ይሾራል። ሳታየኝ በስልኬ አነሣኋት። ቀና ስትል ግን፣ «ቆይ እንጂ! በዚህች አሮጌ ነጠላ?» ብላ ገሠጸችኝና ጓዳ ገባች። ቀይ ጥለት ያለውን አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ፣ እንዝርቱን ከጎኗ አጋድማ፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ያንን በካሜራው አነሣሁ። በ2013 ዓ.ም. ዐረፈች።

እኔ የምወደው የመጀመሪያውን ነበር፤ መሸጫው ላይ ያወጣሁትም እሱን ነው። ስልኩ ግን ተሰርቆ፣ በእጄ የቀረው በቴሌግራም ልኬው የነበረው ቅጂ ብቻ ሆኗል፤ 1,280 በ853 ፒክስል። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ባለ አንድ ሜትሩን አዘዘች። ብንሰላው፣ በአንድ ኢንች 32 ነጥብ ይደርሰዋል። ሥዕል መሆኑ ቀርቶ ሰሌን ነው።

ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፎቶግራፍን የሚያሳድጉ ፕሮግራሞች አሉ። በአንዱ ሞከርሁ። ከሩቅ ሲያዩት ያስደንቃል፤ ቀረብ ብዬ ፊቷን ሳይ ግን ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ማሽኑ የጎደለውን ከራሱ ሞልቶ የኮረዳ ሽፋሽፍት ተክሎላታል። በጉንጯ ላይ የሳለው መሥመር የሌላ አሮጊት ነው። ከጣቷ ወደ እንዝርቱ የሚወርደው ፈትል መሐል ላይ ተቋርጦ፣ የቀረው ከበስተኋላዋ በግድግዳው ላይ ስንጥቅ ሆኗል። ገንዘቡን አልጠላሁትም፤ ገዢዋም ልዩነቱን ባላወቀች ነበር። አንባቢ ይፍረደኝ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አመነታሁ።

በሦስተኛው ቀን ለአክስቴ ልጅ ደወልሁ። አስቀድሜ ማድረግ የነበረብኝ ነው። ነገሩን ሰምታ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ለውጣ የተነሣችውን ትተህ፣ ተው ያለችህን ነው የሰቀልኸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የመጀመሪያውን ሥዕል በዚያው ምሽት ከመሸጫው አወረድሁ። ለገዢዋ ሁሉንም ሳልደብቅ ጽፌ ሁለተኛውን ላክሁላት፤ ከሳምንት በኋላ 60 በ40 ይሁን ብላ መለሰች። እኔም እፎይ አልሁ፤ ገዢዎች የሚያዘወትሩትን 50 በ40 መርጣ ቢሆን፣ ከወርዱ 1,000 ፒክስል ተቆርጦ እንዝርቱ ውጭ በቀረ ነበር።

ሌሊቱን ስሠራው አደርሁ። በዲጂታል ሥዕል ብርሃን ከ0 እስከ 255 ይቆጠራል፤ 255 የደረሰ ነጭ ላይ ማተሚያው ምንም ቀለም ስለማይጥልበት የሚታየው ባዶ ወረቀት ነው። የነጠላው ትከሻ ብዙ ቦታ ላይ እዚያ ደርሶ ነበር። ከካሜራው ጥሬ ፋይል ተነሥቼ ነጩን ጥቂት በጥቂት ባወርደው፣ ድሩና ማጉ ብቅ አለ። በበሩ በኩል ያለውን ጥላ ትንሽ ከፈትሁ። ቀዩን ጥለት በማተሚያ ቤቱ የቀለም መለኪያ ብፈትነው ወደ ቡና የሚሄድ ሆነ፤ አራት ጊዜ መለስሁት። ፊቷን አልነካሁም።

ከወር በኋላ ገዢዋ ሥዕሉን ሰቅላ የግድግዳዋን ፎቶ ላከችልኝ። ማታ በአምፖል የተነሣ ነው፤ ነጠላውም፣ ግድግዳውም፣ ሶፋውም አንድ ላይ ቢጫ ሆነዋል። ለአክስቴ ልጅ አሳየኋት። አጉልታ አጉልታ አየችውና፣ «ጥለቱ ግን ይታያል» አለች።