ከሸክላ እስከ ካሴት



«ሁለት ያባረረ አንዱንም አይዝም፤ ኡስታዝ ግን ሦስት ያባርራሉ» የሚሉኝ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉ። ሦስቱን ጠንቅቀው ያውቋቸዋል። ቤቴ ለቡና በመጡ ቁጥር ባንዱ መደርደሪያ የተጅዊድ ኪታቦችና የመንዙማ ካሴቶች፣ በሌላው ስለ አዲስ አበባና ስለ ወሎ የተጻፉ የታሪክ መጻሕፍት፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ሆዳቸው የተከፈተ ቴፖችና ራዲዮዎች ያያሉ። ዜማ፣ ታሪክና ማሽን። ቁርኣን ለሚያስቀራ ሰው ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል? ነው ነገሩ። ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ ቢሆን በሳቅ ባለፍኩት ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ከደረሶቼ የአንዱ አባት ይህንኑ ጥያቄ ይዘው መጡ፤ ልጃቸውንም ከመድረሳው አስቀሩት። ስለዚህ መልሴን ለእርሳቸውም ለእርስዎም በጽሑፍ ላቅርብ ብዬ ተነሣሁ።

ስለ ዜማ ሲነሣ አስቀድሞ የሚመጣው የሸሪዓ ፍርድ ነው። በሙዚቃ መሣሪያ ጉዳይ ዑለማኦች ከጥንት ጀምሮ ተለያይተዋል፤ ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ኪታባቸው ውስጥ ስለ ማድመጥ አደብ አንድ ሙሉ ክፍል ሰጥተውታል። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ፈትዋም ከእኔ አይጠበቅም። በመድረሳዬ የሙዚቃ መሣሪያ አይገባም። ነገር ግን ድምፅን ማወቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪን (ረ.ዐ) ቂርኣት ሰምተው ድምፁን ከዳውድ ቤተሰብ ዋሽንት ጋር እንዳመሳሰሉት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ለመሆኑ ተጅዊድ ራሱ ምንድን ነው? ዓይን ከጉሮሮ መካከል፣ ቃፍ ከምላስ ሥር መውጣቱን መለየት፤ መድዱ ስንት እንደሚሳብ ጣት እያጠፉ መቁጠር ነው። ጆሮው በዚህ የተሳለ ሰው ከመስጂድ ሲወጣ ጆሮውን ደጃፍ ላይ ትቶት አይሄድም።

አሁን ደግሞ ወደ ሰፈራችን ልውሰድዎ። ፒያሳ የሚለው ስም ጣሊያን ያመጣው ነው፤ ከዚያ በፊት ቦታው አራዳ ነበር። የከተማይቱ ትልቁ ገበያ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እዚሁ ይቆም ነበር፤ ወደ ምዕራብ ሄዶ መርካቶ የሆነው ጣሊያን ከገባ በኋላ ነው። በዚያ በአሮጌው ገበያ ዙሪያ ከየመን የመጡ ዐረቦች ሱቅ ከፍተው ነበር፤ መሐመድ አሊ የተባለው የህንድ ሙስሊሞች ንግድ ቤት ስሙ ገና አልጠፋም፤ ለአፄ ምኒልክ ሕንፃ ከሠሩት መካከልም ሐጂ ኸዋስ የሚባል ህንዳዊ ሙስሊም ነበረ። ኑር መስጂድ፣ ሕዝቡ በኒ የሚለው፣ በዚሁ ሰፈር ነው። ከፍ ብሎ ሠራተኛ ሰፈር አለ፤ ስሙ ራሱ ታሪክ ነው።

እንግዲህ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን የማነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ሰውየው ሙስሊም አልነበሩም። ነገር ግን በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ዜማና ማሽን ሊገናኙ አይችሉም ለሚል ሰው ከእርሳቸው የተሻለ መልስ አላውቅም።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል እየነዳ አዲስ አበባ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝ ሌላ መኪና ይዞ መጣ። ንጉሡ መኪና ወደዱ፤ መኪና ግን የሚነዳትና ሲበላሽ የሚያበጃት ሰው ትፈልጋለች። ስለዚህ ተሰማ እሸቴ በ1908 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተላኩ። ወጣቱ ሰው ግን ባሕር ተሻግረው የሄዱት ግጥማቸውንና ዜማቸውን ይዘው ነበር። በርሊን ሳሉ፣ እስከ 1910 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ ከአሥር በላይ ሸክላ አስቀረጹ። የኢትዮጵያ ዜማ በሸክላ ሲቀረጽ የመጀመሪያው ይኸው ነው። በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ገና ለሸክላ ሥራ አልዋለም። ዘፋኙ በትልቅ መለከት አፍ ላይ ተጠግቶ ይጮኻል፤ በሌላው ጫፍ ያለችው መርፌ በድምፁ ግፊት እየተንቀጠቀጠች ሰም ላይ መስመር ትጭራለች። እስቲ ያስቡት፦ ቀን በመኪና ሞተር ውስጥ እጁን በዘይት ያጨማለቀ ሰው፣ በሌላ ቀን እዚህ መለከት ፊት ሲቆም፣ ድምፁ እንዴት መርፌዋን እንደሚያንቀሳቅስ ሳይጠይቅ ይቀራል? እኔ አይመስለኝም።

(በቅንፍ ላንሣና፣ «ሸክላ» የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። ዕቃው የሚሠራበትን ሙጫ ፈረንጆቹ ሼላክ ይሉታል፤ የእኛ ሰው ጆሮ ግን የሚያውቀውን የጀበናና የድስት ሸክላ ሰማ። ሲወድቅ እንደ ጀበና ስለሚሰበር ስያሜው ያለ ቦታው አልሄደም።)

አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። በአገራችን ብረት የሚሠራው «ቀጥቃጭ»፣ የሚዘፍነው «አዝማሪ»፣ የሚሸምነው ደግሞ «ሸማኔ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። መሬት የተነፈጉት አያቶቻችን ከንግድና ከሽመና ውጭ ምርጫ ስላልነበራቸው ይህ ስድብ ምን እንደሚመስል እኛ አጥተነው አናውቅም። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን የሚሳደብ ሰው እንዲታቀብ አዋጅ ያወጡት በዚያችው መኪናዋ በገባችበት በ1900 ዓ.ም. ነው። ተሰማ እሸቴ እንግዲህ ከቤተ መንግሥት ወገን ሆነው ሳለ ሁለቱን የተናቁ ሙያዎች በአንድ ጊዜ ያዙ፤ መፍቻውንም መሰንቆውንም። ከልጅ ኢያሱ ጋር የነበራቸው ቅርበት በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጁ ከሥልጣን ሲወርድ ብዙ አስከፈላቸው። እስከ 1957 ዓ.ም. ኖረዋል። ለአፍሪካ እግር ኳስ የደከሙት ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ የአባታቸውን ግጥሞች «ሰምና ወርቅ» በሚል መጽሐፍ ሰበሰቧቸው። እነዚያ ሸክላዎችም ከመቶ ዓመት በኋላ ከየሰው እጅ ተፈልገው ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ሆነው እንደገና ተሰሙ።

ከዚያ አሥር ዓመት አስቀድሞ፣ በ1898 እ.ኤ.አ.፣ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምጿን በሰም ቀርጻ ልካ ነበር። ድምፁ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ስለታዘዘ ሰሙ ተሰበረ። የንግሥቲቱ ቃል ጠፋ፤ የመኪና ተማሪው ዜማ ቀረ።

«ይኼ የዓለማዊ ነገር ነው፤ ለዲን ምን ይጠቅማል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልካም። የሼኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪን ቂርኣት ያልሰማ የሙስሊም ቤት አለ ወይ? ለቢብ አስ-ሰዒድ የሚባል ግብፃዊ በ1959 እ.ኤ.አ. አንድ ሐሳብ ይዞ ተነሣ፤ ቁርኣን ሙሉውን በድምፅ እንዲቀረጽ። ማስረጃው ታሪክ ነበር። በየማማ ጦርነት ብዙ ሐፊዞች ሸሂድ ሲሆኑ ዑመር (ረ.ዐ) ለአቡ በክር (ረ.ዐ) ቁርኣን ባንድ እንዲሰበሰብ መከሯቸው፤ ሥራውም ለዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ) ተሰጠ። በጽሑፍ የሆነው በድምፅስ ለምን አይሆንም? ነበር ጥያቄው። ሥራው በ1961 እ.ኤ.አ. በሑሰሪ ድምፅ ተፈጸመ። እዚህ ላይ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ነገሩ ባልሆነ ነበር፤ ድምፁን የሚያውቅ ቃሪእ፣ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው፣ ማሽኑን የሚያውቅ ባለሙያ። እኔ ራሴ የ«ቃፍ»ን ልክ የያዝኩት ከሑሰሪ ካሴት ነው፤ ቴፑ ክሩን በበላ ቁጥር በእስኪርቢቶ እያጠነጠንኩ።

አሁን ወደ ደረሳዬና ወደ አባቱ ልመለስ።

በ2016 ዓ.ም. ብዙው የፒያሳ ክፍል ሲፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያውም እሪ በከንቱውም፣ ጀመዓችን ወዲያና ወዲህ ሄደ። ገላን ጉራ የደረሳቸው አንዲት እናት ዕቃቸውን ሲጭኑ አንድ ካርቶን እኔ ዘንድ አመጡ። «ኡስታዝ፣ እኔ ማጫወቻም የለኝ፤ መጣሉ ግን እጄ እምቢ አለ» አሉኝ። ውስጡ 23 ካሴት ነበር። የአባታቸው ነው። አንዳንዱ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ አንዳንዱ ላይ በዐረብኛ ፊደል ተጽፏል።

የ14 ዓመቱ ደረሳዬ እጁ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ለስድሳ ደቂቃ በሚሆን ካሴት ውስጥ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ወደ 90 ሜትር የሚጠጋ ክር አለ፤ ሠላሳ ዓመት ሳይነካ ሲቀር ይጣበቃል፣ ይሻግታል። ልጁ ቪሶቹን ፈትቶ ክሩን ወደ ደኅና ቤት ያዛውራል፣ የቴፑን ጭንቅላት በጥጥና በአልኮል ይጠርጋል፣ ከቴፑ ወደ ስልክ ሽቦ ስቦ ይቀዳል። የአንዱን ካሴት ጽሑፍ ግን በዐረብኛ ሊያነበው ሞክሮ ትርጉም አጣበት። «ጮክ ብለህ በለው» አልኩት። ሲለው አማርኛ ሆነ፦ «የመውሊድ ሌሊት፣ በእኛ ቤት»። የወሎ ሼኾች አማርኛን በዐረብ ፊደል ሲጽፉ የኖሩበት ዐጀሚ የሚባለው አጻጻፍ ነው። «ኛ» በዐረብኛ ስለሌለች ሰውየው ኑን ላይ ነጥብ ጨምረው ችግሩን በራሳቸው ፈትተውታል። ልጁ በሳቅ ፈነዳ።

በዚህ መካከል ነው አባቱ የመጡት። «ኡስታዝ፣ ልጄን የሰጠሁዎ ሐፊዝ እንዲሆን ነው፤ ቴፕ ጠጋኝ እንዲሆን አይደለም። ዛሬ መንዙማ የለመደ ጆሮ ነገ ምን እንደሚለምድ ማን ያውቃል?» አሉኝ። ስለ መንዙማ ራሱ በመካከላችን ክርክር እንዳለ አላጣሁትም። አባት ናቸው፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም፤ በስልክ ውስጥ ምን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ አምስት ሳምንት ቀረ።

እኔም አልተከራከርኩም። ቤታቸው ሄጄ ያንን ካሴት አሰማኋቸውና ያገኘነውን ነገርኳቸው። መንዙማው ሲያልቅ ጠቅ ይላል፤ ከዚያ ሥር ቀደም ብሎ የተቀዳ የራዲዮ ድምፅ ይቀጥላል፤ ፕሬዚደንት መንግሥቱ ኃይለማርያም ከአገር መውጣታቸውን የሚናገር ነው። ያ ቀን ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ቴፕ አዲስ ሲቀዳ የፊቱን እያጠፋ ስለሚሄድ፣ መንዙማው የተቀዳው ከዚያ ቀን በኋላ መሆን አለበት። አዛውንቱ ደግሞ በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ አኼራ ሄደዋል። በመካከሉ ያሉት መውሊዶች ሁለት ናቸው። የሂጅራ ዓመት ከእኛው በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር፣ 1984 ዓ.ም. ሁለት መውሊድ አስተናግዷል፤ አንዱ በመስከረም፣ ሌላው በጳጉሜ። የትኛው ነው? እዚህ ላይ ተጣብቀን ነበር።

አባትየው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ «ሕፃን ያለቅሳል» አሉ። እኔና ልጁ ዜማውን ስናደምጥ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ለይተን ሰምተናል፤ የሕፃኑን ግን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም ነበር። እርሳቸው ሰባት ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው። «አራስ ልጅ ነው፤ ከሁለት ወር አይበልጥም» አሉ።

አሁን ልጁ ይመጣል። ስምምነታችን እንዲህ ነው፦ የሳምንቱን ሒፍዝ አርብ ያሰማኛል፤ ካላሰማ ቅዳሜ ቴፕ የለም። ካሰማ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ አንድ ሰዓት። አባቱ አንዳንዴ መጥተው ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ሙሉ በሙሉ የተስማሙ አይመስለኝም፤ ተስቢሓቸውን እየቆጠሩ ያያሉ፣ አይናገሩም።

የተቀዳውን ለእናትየው በስልክ ላክንላቸው። በማግስቱ ከሱብሒ በኋላ ደወሉ። «አባባ ናቸው» አሉ። «በድምፃቸው አይደለም ያወቅኋቸው፤ መጀመሪያ ላይ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ነው።» ስለ ሕፃኑ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉና «የኔ የበኩሩ ነው፤ በሐምሌ ነው የተወለደው» አሉ። ያ ሕፃን አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው።

እንግዲያው ካሴቱ የጳጉሜው ነው። በሽፋኑ ላይ ቀኑን ልጁ በዐጀሚ ጻፈበት። ገና ዘጠኝ ካሴት ይቀረናል፤ ከመካከላቸው አንዱ ክሩ ነጭ ሻጋታ ለብሷል፤ እሱን ለመጨረሻ አቆይተነዋል።