ባቡሩ ያመለጠው ሰውዬ

ግሬጎር ሳምሳን የማታውቁት ካላችሁ እናስተዋውቃችሁ። ከተማ ለከተማ እየዞረ ጨርቅ የሚሸጥ ወጣት ነው። ፍራንዝ ካፍካ የተባለው የፕራግ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው ታሪክ ውስጥ ይህ ልጅ ባንድ ሌሊት ወደ ግዙፍ ተባይ ይለወጣል። ታዲያ የሚያስጨንቀው ምን መሰላችሁ? የእግሩ ብዛት አይደለም፤ የንጋቱ 11 ሰዓት ባቡር ስላመለጠው ነው! መጽሐፏ ካልጋ ወደ አልጋ ስትዞር በመጀመሪያ ተሳሳቅን። ኋላ ግን ሳቁ ተወን።

ግሬጎር አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ታምሞ ከሥራ አልቀረም። የወላጆቹን ዕዳ የሚከፍለው እሱ ነው። አንድ ጧት ቢዘገይ አለቃው ቤቱ ድረስ መጣ። እንግዲህ ይህ ሰው ተባይ የሆነው መቼ ነው? ያን ዕለት ነው ወይስ ከአምስት ዓመት በፊት?

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አልሆነብንም። ከቤት ስልክ ሲደወል «መቼ ትመረቃላችሁ? ደመወዙስ ስንት ነው?» እንባላለን። ምን ልታስተምሩ ነው ብሎ የሚጠይቀን የለም። ማማረርም አንችልም፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረስነው እኮ እናቶቻችን እነሱ ማሽላ እየበሉ ጤፉን ሸጠው ነው።

ክርክሩ የጦፈው ግን በእህቱ በግሬቴ ነው። ግሬጎር ሙዚቃ ቤት አስገብቶ ቫዮሊን ሊያስተምራት አስቦ ነበር። ይህን ማንም አላዘዘውም፤ ከሐሳቡ ሁሉ የራሱ የምንለው ይህን ብቻ ነው። እሷም መጀመሪያ ላይ ምግብ ታቀርብለት፣ ክፍሉን ትጠርግለት ነበር። በመጨረሻ ይወገድልን ያለችውም እሷው ናት። ከሓዲ አልናት። አብረውን የሚማሩት ሴቶች ግን ተቆጡ። ግሬቴም ሱቅ ተቀጥራ ደክሟት ነው የምትገባው፤ የወንድሟ ቀንበር ወደ እሷ ትከሻ ሲዞር ማን አየላት? አሉን። እውነታቸውን ነው።

በነገራችን ላይ ካፍካ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1922 ድረስ ፕራግ ውስጥ በሠራተኞች የአደጋ መድን መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ነው። ድርሰቱን የሚጽፈው ሌሊት ነበር። ስለ አለቃና ስለ ሰዓት ፊርማ የጻፈው በሰሚ ሰሚ አይደለም ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ቀርታናለች። ግሬጎር በማግሥቱ ተመልሶ ሰው ቢሆን ኖሮስ? ከስምንታችን አምስቱ ለባቡሩ ይሮጣል አሉ። ሁለቱ የለም፣ ቁጭ ብሎ የእህቱን ቫዮሊን ይሰማል አሉ። ስምንተኛው ጓደኛችን፣ «እስቲ መጀመሪያ ይተኛበት!» አለና ብርድ ልብሱን ተከናነበ።